ለሁለት የተከፈለ የሰው ጣፊያ

በሆድ ግራ በኩል፣ ከ9ኛው እስከ 11ኛው ባሉት የጎድን አጥንቶች ሥር የሚገኘው ጣፊያ፣ በጤናማ አዋቂ ሰው ወደ 12 ሴንቲ ሜትር የሚረዝምና 150 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ከሊምፍ አካላት ሁሉ ትልቁ ነው። በተቆረጠው ገጽ ላይ ሰፍቶ የሚታየው ቀይ ክፍል፣ ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት በጠባብ ክፍተቶች ማለፍ ሲያቅታቸው ማክሮፌጅ በተባሉ ዋጭ ሕዋሳት ተበልተው፣ ብረታቸው ለአዲስ ደም የሚመለስበት ነው።

በመካከሉ የተበተኑት ነጫጭ ነጠብጣቦች ግን የበለጠ ትኩረት ይገባቸዋል፤ በትንንሽ ደም ቅዳዎች ዙሪያ ቲ የተባሉ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት፣ ከጎናቸውም ቢ የተባሉት ተሰባስበው፣ ከደም ጋር የመጣውን ጀርም የሚለዩትና ቢ ሕዋሳት አንቲቦዲ፣ ማለትም ጀርሙን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን፣ ወደማምረት የሚሸጋገሩት በእነዚሁ ነጠብጣቦች ነው። ጣፊያው በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው መኖር ቢችልም፣ እንደ ኒሞኮከስ ያሉ በስኳራማ ሽፋን የተጠቀለሉ ባክቴሪያዎች በፍጥነት ሊያጠቁት ስለሚችሉ ልዩ ክትባት ያስፈልገዋል።

በመተማና በሑመራ ቆላዎች የሚታወቀው የካላዛር በሽታ ጣፊያን እጅግ የሚያሳብጠው፣ ጥገኛ ተውሳኩ ሊያጠፉት በሚገባቸው በእነዚያው ማክሮፌጆች ውስጥ ስለሚራባ ነው።