በቨርጂኒያ ጠጥቶ ማሽከርከር የሚያስከትለው ቅጣት

በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ በደሙ 0.08 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ አልኮል ይዞ መኪና የነዳ ሰው ወንጀለኛ ነው። መጠኑ ከዚያ ቢያንስም መጠጡ አነዳዱን ማዛባቱ ከተረጋገጠ ይቀጣል። መንዳት ሲባል ደግሞ መንቀሳቀስ ብቻ አይደለም፦ በሕዝብ መንገድ ላይ በሹፌሩ ወንበር ተቀምጦ ቁልፉን ማስገቢያው ላይ የተወም፣ ሞተሩ ባይነሳም እንኳ፣ ይጠየቃል።

የመጀመሪያ ጥፋት እስከ 12 ወር እስርና ከ250 እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሲያስከትል፣ መንጃ ፈቃዱም ለአንድ ዓመት ይታገዳል። ልኬቱ 0.15 ከደረሰ ቢያንስ 5 ቀን፣ ከ0.20 ካለፈ ቢያንስ 10 ቀን መታሰር ግድ ነው፤ ዳኛው ሊምረው አይችልም። በ10 ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ የተፈረደበት ከባድ ወንጀል ይመዘገብበታል።

ፈቃዱ በገደብ ሲመለስ መኪናው ላይ የትንፋሽ መመርመሪያ ይገጠማል። አሽከርካሪው ካልነፋበት ሞተሩ አይነሳም፤ በጉዞ መሃልም እንደገና ንፋ ይለዋል። ወጪው የራሱ ነው።

በአሌክሳንድሪያና በአካባቢዋ በታክሲና በመሰል ሥራ ለሚተዳደር ኢትዮጵያዊ ከመቀጮው ይልቅ የፈቃዱ እገዳ ይከብዳል፤ እንጀራው ነውና። ዜግነት ለማመልከት የሚጠባበቅም ይጠንቀቅ፦ በ2019 በወጣ የፌዴራል ውሳኔ መሠረት፣ ጠባዩ በሚመዘንባቸው ዓመታት ውስጥ ሁለት እንዲህ ያለ ፍርድ ያለበት ሰው መልካም ጠባይ እንደሌለው ይገመታል። ስለዚህ ጥፋቱን ከማመኑ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃም ያማክር።