ድምፅ የያዘው እንቁላል

በአቃቂ ቃሊቲ የከባድ መኪና ጩኸት ብርቅ አይደለም። አንዱ በአስፋልቱ ባለፈ ቁጥር፣ ባንክ ውስጥ በጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠው የብርጭቆ ውኃ ገጹ ይሸበሸባል። ማንም አልነካውም። ድምፅን ከአፍ ወጥቶ ብን የሚል ከንቱ ነገር አድርገን ለምናስብ፣ ይህች ትንሽ ነገር ብዙ ትናገራለች።

አንባቢ ሆይ! ቅዱስ ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፣ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ እግሩን በጦር ቢወጋው ያሬድ አልታወቀውም ይባላል። ዜማ ሰውን ከገዛ ሕመሙ እንደሚያርቅ አባቶቻችን ያውቁ ነበር። ድምፅ ግዑዙንም እንደሚገዛ በሙከራ ለማየት ግን ዘመናት ፈጅቷል።

እ.ኤ.አ. በ1787 ጀርመናዊው ኤርንስት ክላድኒ አሸዋ የተበተነበትን ሳሕን ጠርዝ በቫዮሊን ደጋን ማሸቱን ጻፈ። አሸዋው እየዘለለ ሳሕኑ በማይርገበገብበት መሥመር ላይ ዐረፈ፤ የብራና መጻሕፍታችንን ሐረግ የመሰለ ጌጥም ሠራ። በ1866 አውጉስት ኩንት በመስታወት ቱቦ ውስጥ ድምፅ ላከ። ሄያጁና ተመላሹ ሞገድ ሲገናኙ ደቃቁ ዱቄት በእኩል ርቀት ተከመረ። በ1902 እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሌይ የድምፅን ግፊት በስሌት መረመረ፤ በ1934 ሉዊስ ኪንግ ያ ግፊት በፈሳሽ ውስጥ ባለች ድቡልቡል ቅንጣት ላይ ምን ያህል እንደሚበረታ አሰላ።

በ1991 ደግሞ ጁንሩ ዉ በውኃ ውስጥ ሁለት የድምፅ ጨረሮችን ፊት ለፊት አጋጠመ። ድምፁ በሴኮንድ 3.5 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ነበር፤ የእኛ ጆሮ ከ20 ሺህ አያልፍም። በጨረሮቹ መካከል የእንቁራሪት እንቁላሎች ተያዙ፤ ጨረሩ ሲንቀሳቀስም አብረው ተንቀሳቀሱ። ጣት አልነካቸውም። ስሙንም የድምፅ ወረንጦ አለው።

የዚያ ድምፅ ዘመድ ነው ዛሬ በአልትራሳውንድ መሣሪያ ወደ ነፍሰ ጡር ሆድ የሚላከው። የመጀመሪያውን ፅንስ አጥተን ነበርና፣ በሁለተኛው ጊዜ የባለቤቴን ሆድ ለመንካት እንኳ እጄ ይፈራ ነበር። በምርመራው ቀን አጠገቧ ቆሜ ያቺ ትንሽ ልብ በመስኮቱ ላይ ስትመታ አየሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ይህችን ጻፍኩ፦

እጄ የፈራውን፣ ድምፅ ሄዶ ዳሰሰው፤
በጨለማው ማሕፀን፣ ብርሃን አለበሰው።