ጥቁር ክንፍ በቀቀን
አጋፖርኒስ ታራንታ፤ ወንድና ሴት፤ ርዝመት 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ

ግንባሩ የቀላው ወንዱ ነው። የሴቷ ግንባር እንደ ገላዋ አረንጓዴ ሲሆን፣ ከወንዱ ጋር የሚያመሳስላት ቀይ ምንቃሯ ነው። ጫጩቶቹ ሁሉ ሴት ይመስላሉ፤ ወንዶቹ ቀዩን የሚያወጡት ወራት ከቆዩ በኋላ ነው። የክንፉ ጥቁረት ጎልቶ የሚታየው ሲበሩ ነው።

ይህች ወፍ በዱር የምትኖረው በኢትዮጵያና በኤርትራ ከፍተኛ ቦታዎች ብቻ ነው። ለሳይንሱ ዓለም የተገለጸችው እ.ኤ.አ. በ1814 ነበር።

ይርጋጨፌ የሚመጣ እንግዳ ዓይኑ ቡናው ላይ ይቀራል፤ ቀና ብሎ ጥላውን የሚያይ ጥቂት ነው። የጌዴኦ ገበሬ ቡናና እንሰትን የሚያለማው እንደ ዋንዛና ብርብራ ባሉ ዛፎች ሥር ነው። ይህ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በቀቀኗ የምትፈልገውም ትልልቅ ዛፍ ነው፦ ለምግቧ የሾላና የጥድ ፍሬ፣ ለማደሪያዋ ደግሞ የግንድ ቀዳዳ። ራሷ መቦርቦር ስለማትችል ብዙ ጊዜ ግንደ ቆርቁር ፈልፍሎ በተወው ትገባለች። በእንቁላል ወቅት ብቻም አይደለም፤ ዓመቱን ሙሉ ሲመሽ በትንንሽ ቡድን እየሆኑ እዚያው ያድራሉ።

ጎጆ የምታሰናዳው ሴቷ ናት፤ አሠራሯም ያስገርማል። ቅጠልና የልጥ ቁራጭ በምንቃሯ ትቆርጥና ላባዋ መካከል ሸጉጣ ትበራለች። አንዳንዱ መንገድ ላይ ይወድቅባታል። እንቁላሉን ለ25 ቀን ያህል ስትታቀፍ የሚመግባት ወንዱ ነው፤ ምግቡን ከጉሮሮው እያወጣ ምንቃር ለምንቃር ያጎርሳታል።