የአርቪን ካምፕ መዝገብ

በጥቅምት 1936 «ሳን ፍራንሲስኮ ኒውስ» ጋዜጣ ደራሲው ጆን ስታይንቤክ የጻፋቸውን ሰባት ተከታታይ ዘገባዎች አተመ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዘገባዎቹ መሬታቸውን ለቅቀው ለለቀማ ሥራ ወደ ካሊፎርኒያ ስለጎረፉ ገበሬዎች ይናገራሉ። በአንዱ ላይ ደራሲው በዘፈቀደ በተሰፈረበት ሜዳ ላይ የሚኖሩ ሦስት ቤተሰቦችን ደጃፍ ለደጃፍ እየዞረ ያሳየናል። የመጀመሪያው ቤት ከካርቶን የተሠራ ነው። ቤተሰቡ ንጽሕናውን ለመጠበቅ ይታገላል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ግን ቤቱ ሟሙቶ ቡናማ ጭቃ መሆኑ አይቀርም። እነዚህ ሰዎች ከጥቂት ዓመታት በፊት የራሳቸው መሬትና በባንክ የተቀመጠ ገንዘብ ነበራቸው። አባትየው ከቤቱ አጠገብ ጉድጓድ ቆፍሮ ዙሪያውን በአሮጌ ጆንያ ጋርዶታል፤ ሽንት ቤታቸው ነው። ስታይንቤክ ጉድጓዱን ሲያይ ሰውየው አዲስ መጤ መሆኑን ያውቃል። ክብሩ ገና አልተሟጠጠም፤ በሚቀጥለው ዓመት ግን እንደ ጎረቤቱ ይሆናል ይላል። ጎረቤቱ ጉድጓድ የለውም። የሚኖረው ቆሽሾ መሬት በመሰለ ድንኳን ውስጥ ነው፤ ቤተሰቡ የሚጸዳዳው አኻያ ቁጥቋጦ ሥር ሲሆን፣ ዝንቡ ከዚያ ተነሥቶ ድንኳኑ ውስጥ ይገባል። ከልጆቻቸው አንዱን በቅርቡ ቀብረዋል።

ይህን ታሪክ በመረመርኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው እዚያ ጆንያ ላይ ነው። በ1939 ስለወጣው ስለ ስታይንቤክ ልቦለድ፣ በአማርኛ «የቁጣ ወይን» ልንለው ስለምንችለው መጽሐፍ ሲወራ፣ የሰው ልጅ ጽናት ደጋግሞ ይወደሳል። መዛግብቱን ስናገላብጥ ግን ያ ጽናት ውሃ፣ ሽንት ቤትና በገዛ ጉዳይ ላይ የመወሰን መብት ሲነፈገው በአንድ ዓመት ውስጥ ሊያልቅ እንደሚችል እናያለን።

ሰዎቹ ከቀያቸው የተነቀሉት በአቧራ ማዕበል ብቻ እንደሆነ ተደርጎ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ሚያዝያ 14 ቀን 1935 ቀኑን እንደ ሌሊት ያጨለመው ማዕበል እውነት ነው፤ የመታው ግን በተለይ ምዕራብ ካንሳስን፣ የኦክላሆማን ምዕራባዊ ጫፍና ሰሜን ቴክሳስን ነው። የልቦለዱ የጆድ ቤተሰብ የሚነሣባት ሳሊሶ የምትገኘው በምሥራቅ ኦክላሆማ፣ ወደ አርካንሶ ድንበር ተጠግታ ነው። በዚያ ወገን ገበሬውን ይበልጥ ያፈናቀለው የጥጥ ገበያና ሕግ ነበር። በ1930 ከኦክላሆማ እርሻዎች ከመቶ 60 የሚበልጡት በጢሰኛ የሚታረሱ ነበሩ። የአንድ ፓውንድ ጥጥ ዋጋ በ1929 ከነበረበት 16 ሳንቲም ገደማ በ1932 ወደ 6 ሳንቲም ገደማ ወረደ። በ1933 የወጣው የእርሻ ማስተካከያ ሕግ ደግሞ ከመሬቱ ከፊሉን ጥጥ ላልዘራበት ባለመሬት ገንዘብ ይከፍል ጀመር። ብዙው ባለመሬት ክፍያውን ተቀብሎ ትራክተር ገዛ፤ ጢሰኛው ዕቃውን ጭኖ ወጣ። ካሊፎርኒያ ድንበር ሲደርስ ደግሞ ሌላ ነገር ጠበቀው። በየካቲት 1936 የሎስ አንጀለስ ፖሊስ አዛዥ ጄምስ ዴቪስ 136 ፖሊሶች ወደ ግዛቲቱ ድንበር ልኮ ኪሱ ባዶ የሆነውን መንገደኛ ያስመልስ ነበር።

ቶም ኮሊንስ የሚባለው ሰው ወደ ታሪኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለእርሻ ስደተኞች ካቋቋማቸው ካምፖች በመጀመሪያ የሜሪስቪሉን፣ ቀጥሎም በከርን አውራጃ የነበረውን፣ ዊድፓች እየተባለ የሚጠራውን የአርቪን ካምፕ አስተዳድሯል። ኮሊንስ ለአለቆቹ በየጊዜው ሪፖርት ይልክ ነበር፤ የታሪክ ጸሐፊ ባለውለታ የሆነው በዚህ ነው። ሪፖርቱ ስንት ቤተሰብ ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ሥራ ተገኘ ወይስ ጠፋ በሚለው አያበቃም። የሰዎቹን አነጋገር እንደወረደ ይጽፋል፤ ዘፈናቸውን፣ የሚበሉትን፣ ጠባቸውንና ዕርቃቸውን ይመዘግባል። ካምፑን የሚመራው ነዋሪው ራሱ የመረጠው ኮሚቴ እንዲሆን ኮሊንስ አጥብቆ ይሻ ነበር። ስታይንቤክ በ1936 በጋ አርቪን ደርሶ አገኘው፤ አብረው እየዞሩ አዩ፤ የሪፖርቶቹም ይዘት ወደ ደራሲው እጅ ገባ።

ይህ ይዘት ልቦለዱ ውስጥ እንዴት እንደተቀመጠ ማየት ደስ ያሰኛል። የጆድ ቤተሰብ ዊድፓች ሲገባ ሁለቱ ትንንሽ ልጆች ሩቲና ዊንፊልድ በሕይወታቸው አይተውት የማያውቁት ነጭ ሽንት ቤት ያጋጥማቸዋል። ነካ ሲያደርጉት ውሃው ጮኾ ይወርዳል፤ የሰበሩት መስሏቸው በድንጋጤ ይሮጣሉ። እናትየዋ ደግሞ ምድጃዋ አጠገብ ሳለች የካምፑ አስተዳዳሪ ይመጣል። ልብሱ ነጭና ንጹሕ፣ ስፌቱ ግን ያለቀ ነው። ቁጢጥ ብሎ ቡናዋን ይጠጣላታል። ሌላ ምንም አላደረገም። ሴትዮዋ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ራሷን እንደ ሰው ትቆጥራለች። እንግዳ ገብቶ ቡና መቅመስ ምን ማለት እንደሆነ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ቀጥሎ የሴቶቹ ኮሚቴ መጥቶ የመታጠቢያውን ደንብ ያስረዳታል። ለካምፑ በሳምንት አንድ ዶላር ይከፈላል፤ የሌለው ቆሻሻ እያነሣና ግቢ እያጸዳ በጉልበቱ ይችለዋል። ያ በጆንያ የተጋረደ ጉድጓድ እዚህ የጋራ ሆኗል፤ ጠባቂም ደንብም አግኝቷል።

በየካቲት 1938 ቪሳሊያ አካባቢ ጎርፍ ወርዶ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በተጥለቀለቁ ድንኳኖች ውስጥ ተራቡ። ስታይንቤክ ከኮሊንስ ጋር ሄዶ ዕርዳታ ሰጠ፤ ያየውም ሕሊናውን ረበሸው። ጀምሮት የነበረውን፣ የባለ እርሻዎችን ነውር በስላቅ የሚያጋልጥ ሌላ ልቦለድ አጠፋው። ከዚያ በግንቦት መጨረሻ አዲሱን ጀምሮ በጥቅምት ጨረሰ። ርእሱን ያገኘችውም፣ ጽሑፉን በታይፕ የመታችውም ባለቤቱ ካሮል ናት፤ መጽሐፉ መታሰቢያነቱ ለእሷና ለቶም ኮሊንስ ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ ጎርፍም ከቪሳሊያ የመጣ መሆኑን አልጠራጠርም።

ልቦለዱ የዘለለውን ማንሣት ደግሞ ግዴታ ነው። በጥቅምት 1933፣ የኦክላሆማ ስደተኞች የካሊፎርኒያን ሳን ዋኪን ሸለቆ ሳይሞሉት፣ 18,000 ያህል ጥጥ ለቃሚዎች እዚያ አድማ መቱ። አብዛኞቹ ሜክሲኳውያን ነበሩ። ጥቅምት 10 ቀን በፒክስሊና እዚያው አርቪን ሦስት አድማኞች በጥይት ተገደሉ። በዚያው አሥርተ ዓመት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሜክሲኳውያንና በአሜሪካ የተወለዱ ልጆቻቸው በውድም በግድም ወደ ሜክሲኮ ተመልሰዋል። ስታይንቤክ ይህን ሳያውቅ የቀረ አይደለም፤ ከሰባቱ ዘገባዎች አንዱን ለቻይናውያን፣ ለጃፓናውያን፣ ለሜክሲኳውያንና ለፊሊፒናውያን ለቃሚዎች ሰጥቷል። በልቦለዱ ግን እነሱ የሉም ማለት ይቻላል። መጽሐፉን እወደዋለሁ፤ ይህ ጉድለቱ ግን ከባድ ነው።

መጽሐፉ ሚያዝያ 1939 ወጣ፤ በመጀመሪያው ዓመት ከ400,000 በላይ ቅጂ ተሸጠ። የአርቪን ካምፕ ያለበት የከርን አውራጃ ምክር ቤት ግን ነሐሴ 21 ቀን 1939 በ4 ለ1 ድምፅ ከአውራጃው ቤተ መጻሕፍትና ትምህርት ቤቶች አገደው። ቤከርስፊልድ ላይ አንድ ቅጂ በፎቶግራፍ አንሺ ፊት ተቃጠለ። የአውራጃው ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ግሬችን ኒፍ ደመወዟን በሚከፍለው ምክር ቤት ላይ የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፈች። እገዳው እስከ 1941 አልተነሣም።

በ1938 በካምፖቹ ከኮሊንስ ጋር የሠራች ሌላም ጸሐፊ ነበረች። ሳኖራ ባብ ኦክላሆማ ተወልዳ በልጅነቷ በድርቁ አገር የኖረች ናት። በፈቃደኝነት ስደተኞቹን እየረዳች ማታ ማታ ያየችውን ትጽፍ ነበር፤ ኮሊንስ ማስታወሻዋን ለስታይንቤክም እንዳካፈለ ይነገራል። እሷም የራሷን ልቦለድ ጽፋ ራንደም ሐውስ ተቀበላት፤ የስታይንቤክ መጽሐፍ ገበያውን ሲይዘው ግን ማተሚያ ቤቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለተኛ መጽሐፍ አይሸጥም ብሎ ተወው። ረቂቁ በ2004 በኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ሲወጣ ባብ 97 ዓመቷ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት አረፈች። የመጽሐፉ ርእስ «ስማቸው ያልታወቀ» ማለት ነው። ሐረጉን የወሰደችው ባለመሬቶች ጢሰኛ ከሚያስለቅቁበት የሕግ ማስታወቂያ ላይ ነው።