በሶ፦ ከአቁማዳ እስከ ሼከር

የድሮው የኢትዮጵያ ጦር ስንቅ የሚያከፋፍል ክፍል አልነበረውም። ክተት ሲታወጅ ዘማቹ ሁሉ የሚበላውን ራሱ ይዞ ይመጣል፤ ባለ በቅሎው በበቅሎ፣ ባለ አህያው በአህያ፣ ሁለቱንም ያጣው በትከሻው። ነጋሪት እንደተጎሰመ ከሁሉ በፊት ሥራ የሚበዛበት ጓዳው ነበር። ሴቶቹ ምጣድ ጥደው ይቆላሉ፣ ይፈጫሉ፣ ያደርቃሉ። አቁማዳው ውስጥ የሚገባው ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ላለው ሰው ቋንታ፣ ከሁሉም ጋር ደግሞ በሶ ነው።

በመስከረም 1888 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ባስነገሩት አዋጅ የተንቀሳቀሰውን ጦር የታሪክ ጸሐፊዎች 100 ሺህ ገደማ ያደርሱታል። ይህ ሁሉ ሰው ከየአገሩ ተነሥቶ ትግራይ እስኪደርስ ወራት ፈጅቷል። የካቲት ሲጋመስ ስንቁ እየተሟጠጠ፣ የአካባቢው ገበሬ ጎተራም እየተራቆተ ሄዶ ንጉሠ ነገሥቱ ጦሩን ይዘው ስለመመለስ ማሰብ ጀምረው ነበር። በወዲያኛው ወገን የኢጣሊያው ጄኔራል የባራቲየሪ ሠራዊትም የቀረው የጥቂት ቀን ቀለብ ብቻ ነበር። ጄኔራሉ ወደ ኋላ ከመሸሽ ወደ ፊት መግፋትን መረጡና የካቲት 23 ዓድዋ ላይ ውጊያው ሆነ። ስለ ዓድዋ ሲወራ ጎራዴውና መድፉ ይነሣል፤ የሁለቱም ሰፈር ጓዳ ባዶ መሆኑ ግን ከሚገባው በታች ነው የሚነገረው።

በሶ ከሌላው ስንቅ የሚለይበት አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ እሳት አይፈልግም። እንጨት በሌለበት በረሃ፣ ጭስ ሰፈርን በሚያጋልጥበት ሌሊት፣ ወይም ለማረፍ ጊዜ በሌለበት ግስጋሴ፣ አንድ ቅል ውሃና አንድ እፍኝ ዱቄት ካለ ምሳ አለ ማለት ነው። ዛሬ በጣሳ ታሽጎ «የምግብ ምትክ» እየተባለ የሚሸጠው መጠጥ የሚመካበት ነገር ቢበዛ ይኸው ነው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል እንጂ ጉልበት ይበላል። ገብሱ ትንሽ ውሃ ተረጭቶበት በሙቀጫ ይሸከሸካል፤ ገለባው በሰፌድ ይበጠራል። ከዚያ በምጣድ ላይ ወርቅማ መልክ እስኪይዝና ሽታው ደጅ ድረስ እስኪወጣ ይቆላል። እጅ የማይለየው ሥራ ነው፦ ካረረ ይመራል፣ ጥሬው ካልለቀቀ ሆድ ይነፋል። በመጨረሻ ይፈጫል፤ የወደደ ጨው ወይም ጥቂት ቅመም ይጨምርበታል። መቆላቱ እርጥበቱን ስለሚያስወጣው ዱቄቱ ቶሎ አይሻግትም፤ እህሉም አስቀድሞ ስለበሰለ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ገብስ ቤታ ግሉካን በተባለ የአሰር ዓይነት የታወቀ እህል ነው። ብጥብጡ ትንሽ ሲቆይ የሚወፍረውና ከጠጡት በኋላ ረሃብን ለሰዓታት የሚያርቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን የደረሱበት የእኛ ደጋ ሰዎች ብቻ አይደሉም። የቲቤት ሰዎች የተቆላ የገብስ ዱቄታቸውን፣ ጻምፓን፣ በቅቤ በተመታ ሻይ ይለውሱታል። በካናሪ ደሴቶች የነበሩት ጥንታዊ ነዋሪዎች ደግሞ ጎፊዮ የሚባል ከተቆላ ገብስ የተፈጨ ዱቄት ነበራቸው፤ ስሙም ምግቡም እስከ ዛሬ አለ።

ፊደል የቆጠረ ሁሉ የሚያውቀው የንባብ መጽሐፉ አበበ በሶውን ይበላል እንጂ አይጠጣም። ትክክል ነው፤ በሶ በቅቤና በጨው ተለውሶ የሚጎረስም ነው። የኦሮሞ እናቶች ጩኮ የሚሉት፣ ቅቤውና ቅመሙ ጠገብ ያለው፣ ለመንገደኛም ለክቡር እንግዳም የሚቀርበው ምግብ የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው። መጠጥ የሚሆነው ውሃው በዝቶ ማር ወይም ስኳር ሲገባበት ነው፤ ያኔ ብጥብጥ ይባላል። አራስ ቤትም የራሱ መጠጥ አለው፤ ከአጃ ወይም ከገብስ የሚሠራው፣ ቅቤና ማር የሚገባበት አጥሚት፣ ምግብ መዋጥ ያቃታትን ሴት መልሶ ያቆማል ተብሎ ትውልድ ሲመሰክርለት ኖሯል።

የጥንቱ ጦር በዘመናዊ ሠራዊት ሲተካ በሶው አብሮ አልጠፋም። ገዳም ለገዳም የሚዞረው ተሳላሚ፣ ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ከቤቱ የሚርቀው ተማሪ፣ ቤተሰቡ ስንቅ የሚያመላልስለት እስረኛ ወረሱት። ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ቴል አቪቭ፣ ወደ ዱባይ በሚሄደው ሻንጣ ውስጥም ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን ይገኛል። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን በሶ የሚፈለገው ለአንድ ጉዳይ ነበር፦ መንገድ ለመግፋት፣ ሳይዝሉ ውሎ ለመግባት። ጡንቻ ለመገንባት በሶ የጠጣ ዘማች አልነበረም።

ያ ሐሳብ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ኢርቪን ጆንሰን የሚባል የቺካጎ ሰውነት ግንባታ አሠልጣኝ የፕሮቲን ዱቄቱን በስፖርት መጽሔት ላይ ማስተዋወቅ ጀመረ። የመጽሔቱ ባለቤት፣ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ዮርክ በምትባል ከተማ የክብደት ብረት ይሠራ የነበረው ቦብ ሆፍማን፣ ገበያውን ሲያይ ብዙም ሳይቆይ ከአኩሪ አተር ዱቄት የተሠራ የራሱን ምርት አወጣ። ጆንሰን በኋላ ስሙን ሪዮ ብሌር ብሎ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደና የወተትና የእንቁላል ዱቄት በክሬም እያስበጠበጠ ለዝነኞቹ ባለ ጡንቻዎች ሸጠ። አንድ እፍኝ ዱቄት፣ ፈሳሽ፣ መምታት፦ መልኩ ያው የበሶው ነው። የተለወጠው የተፈለገው ነገር ነው።

በዚህ መለኪያ ሲመዘን በሶ ይጎድለዋል። 100 ግራም የገብስ ዱቄት 10 ግራም ያህል ፕሮቲን ይይዛል፤ በአንድ ብርጭቆ ብጥብጥ ውስጥ 50 ግራም ዱቄት ቢገባ የሚገኘው 5 ግራም ነው። ክብደት እያነሣ ጡንቻ መገንባት ለሚፈልግ ሰው ባለሙያዎች በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም አካባቢ ይመክራሉ፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 112 ግራም ማለት ነው። ከመጠኑ በላይ ደግሞ የዓይነቱ ጉዳይ አለ። ሰውነት ራሱ ከማይሠራቸው ዘጠኝ አሚኖ አሲዶች መካከል ላይሲን የተባለው በገብስ ውስጥ አነስተኛ ነው። ባቄላ፣ ሽምብራና አኩሪ አተር ግን ላይሲን አላቸው።

የአገራችን እናቶች ይህን በላብራቶሪ ቋንቋ አልተናገሩትም፤ ለልጅ የሚሆነውን ምጥን ሲያዘጋጁ ግን እህሉን ከጥራጥሬ ጋር ያስፈጩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል በዚሁ መንገድ ሄዶ የእህል ዱቄትን ከጥራጥሬና ቅባቱ ከወጣለት የወተት ዱቄት ጋር አዋህዶ ፋፋን አወጣ። ብዙ ሰው ፋፋን የሕፃን ምግብ ብቻ አድርጎ ያስታውሰዋል፤ ቀመሩ ግን የማንኛውም ጥሩ የቤት ሼክ ቀመር ነው።

በዚያው ዘመን መጨረሻ አንድ አስገራሚ ነገር ስዊድን ውስጥ ተገኘ። ስቫሎፍ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከዓለም የገብስ ስብስብ 2,500 ያህል ዓይነት እየፈተሹ የላይሲን መጠኑ ከሌላው ከፍ ያለ አንድ ገብስ አገኙ፤ ሂፕሮሊ ብለው ሰየሙት። ዘሩ የኢትዮጵያ ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1970 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲንግና አክስቴል ላይሲናቸው ከፍተኛ የሆነ ሁለት የኢትዮጵያ ማሽላዎችን ይፋ አደረጉ። የወሎ ገበሬ ወተት በጉንጬ፣ ማር ጩቄ እያለ እነዚህን መሰል ማሽላዎች ከሌላው ማሽላ ጋር አሰባጥሮ ይዘራና እሸቱን ጠብሶ ይበላ ነበር። በሁለቱም እህሎች ላይ የተጣለው ተስፋ ግን ሰፊ እርሻ ላይ አልደረሰም፤ ፍሬያቸው የተጨማደደ፣ ምርታቸውም አነስተኛ ነበር።

የአጓት ነገርም ሳይነሣ አይታለፍም። አይብ ሲወጣ የሚቀረው ውሃ በእኛ ቤት ወይ ይጠጣል፣ ወይ ለጥጃና ለውሻ ይሰጣል። በአሜሪካና በአውሮፓ የአይብ ፋብሪካዎችም ለረጅም ጊዜ ወንዝ የሚበክል ቆሻሻ ነበር። በስስ ማጣሪያ ፕሮቲኑን ለይቶ ማውጣት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ሲስፋፋ፣ ያ የተጣለ ውሃ ደርቆ በጂሞች የሚሸጠው ውዱ ዱቄት ሆነ። ይህን ሰምቶ የአይብ ቤቱን አጓት በጆግ መጋት የሚያምረው ካለ አይድከም፦ አንድ ሊትር አጓት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ10 ግራም ያንሳል፤ የእኛ አይብ በእሳት የሚወጣ በመሆኑም ከዚያ ውስጥ ከፊሉ ከአይቡ ጋር ይቀራል።

ከውጭ የሚመጣው ጣሳ ኪስ ስለሚጎዳ የአዲስ አበባ ወጣት ወደ በሶው ተመልሷል። የተለመደው ቅልቅል በሶ፣ ወተት፣ ሙዝና የኦቾሎኒ ቅቤ ነው። 50 ግራም በሶ፣ አንድ ትልቅ ብርጭቆ ወተትና 20 ግራም ኦቾሎኒ ወደ 20 ግራም ፕሮቲን ያመጣሉ፤ የገብሱን የላይሲን ጉድለት የሚሞላው ወተቱ ነው። ኦቾሎኒውን ብዙዎች ከሚገባው በላይ ያከብሩታል፤ ኃይል ሰጪነቱና ቅባቱ እውነት ነው፣ በላይሲን ግን እርሱም ደካማ ነው። ስብ ሳይጨምር ጡንቻ ብቻ የሚፈልግ ሰው ማንኪያውን ቢቆጥር ይሻለዋል።

ችግሩ ጾም ሲገባ ነው። ወተቱም እንቁላሉም በሚወጡበት በሁዳዴ 55 ቀናት በሶና ኦቾሎኒ ብቻቸውን ቢቀሩ ሁለቱም በአንድ በኩል ያነክሳሉ። ለዚህ የሚበጀው የሆፍማን አኩሪ አተር ነው፤ 25 ግራም ዱቄቱ 9 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል፤ ላይሲኑም ከበሶው ጋር ይደጋገፋል። ጥሬው አኩሪ አተር ግን ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለበት፤ ስለዚህ ወደ ወፍጮ ከመሄዱ በፊት እንደ ገብሱ ምጣድ ላይ ወጥቶ በደንብ መቆላት አለበት።