«ኖ» ስንት ቃል ነው?

እንግሊዝኛ በአንድ «ኖ» የሚጨርሰውን ነቀምቴ ለሦስት ትከፍለዋለች። መናኸሪያው ላይ ግብዣ የማይቀበል ሰው በኦሮምኛ «ላኪ» ይላል፤ «ኪ» ጠብቆ ይነበባል። መኪናው የጊምቢ ካልሆነ «ሚቲ»፣ ሹፌሩ ከሌለ ደግሞ «ሂን ጂሩ» ነው። አማርኛም «አይ»፣ «አይደለም» እና «የለም» ብሎ ይለያል።

ፈተናው የሚመጣው ጥያቄው ራሱ አሉታዊ ሲሆን ነው። «ምሳ አልበላህም?» የተባለ ያልበላ ሰው በአማርኛ «አዎ፣ አልበላሁም» ይላል፤ «አዎ» የጠያቂውን ግምት ያጸድቃል። በእንግሊዝኛ ግን መልሱ «ኖ» ነው፤ «የስ» ካለ በልቻለሁ ማለቱ ይሆናል።

አማርኛ ተናጋሪ የእንግሊዝኛ ተማሪ እዚህ ላይ «የስ» ብሎ ቢሳሳት ስንፍና አይደለም፤ ጃፓንኛም የሚመልሰው እንደ አማርኛ ነው።

ስለዚህ ተማሪው በ«ኖ» ብቻ አይቁም፤ «ኖ፣ አይ ዲደንት» ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ይሙላ።