«ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ኦፕራሲዮን አይችሉም»

ወዳጆቼ፣ ይህን ርዕስ ያደረግኩትን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ ቤተሰብ ያለ አይመስለኝም። ዛሬ ከየት እንደመጣና እንዴት እየተሸነፈ እንደሄደ በአንድ ጉዳት ታሪክ ላውጋችሁ፤ በዳሌ ስብራት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዳሌ ተሰበረ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰበረው የጭን አጥንት ነው፣ አንገቱ አካባቢ። አጥንታቸው ለሳሳ እናት ምንጣፍ አደናቅፏቸው መውደቅ ይበቃል። የለንደኑ ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም አስትሊ ኩፐር በ1822 ባሳተመው መጽሐፍ፣ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚደርሰው ስብራት መልሶ አይገጥምም የሚል አቋም ይዞ ነበር። በዚያ ዘመን ታዲያ ምን ይደረግ? ታማሚው ይተኛል፤ ሳምንታት፣ ወራት ይቆጠራሉ። ከዚያ የሳንባ ምች፣ የአልጋ ቁስል፣ የደም መርጋት ይከተላል። ልብ በሉ፤ ብዙዎቹን የጨረሳቸው ስብራቱ ሳይሆን መተኛቱ ነው።

በ1846 ቦስተን ላይ ኤተር ለማደንዘዣነት በአደባባይ ታየ። በዚያው ከተማ በ1925 ስሚዝ ፒተርሰን የተባለ ቀዶ ሐኪም ሦስት ክንፍ ባለው የብረት ችንካር የተሰበረውን አጥንት ማያያዝ ጀመረ። አሁን ታማሚውን ከአልጋ ማንሳት ተቻለ። ግን ማን ያንሳው?

መልሱ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1935 ለንደን ውስጥ በዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል የምትሠራው ዶክተር ማርጆሪ ዋረን፣ 714 አልጋ ያለው የድሆች ማረፊያ ሕሙማን ክፍል በእጇ ገባ። እዚያ የተኙት አረጋውያን «አይድኑም» ተብለው የተተዉ ነበሩ። እሷ አንድ በአንድ መረመረቻቸው፣ ለየቻቸው፣ እንዲነሱና እንዲራመዱ አደረገች። ብዙዎቹ ቤታቸው ገቡ! ዋረን ራሷ ቀዶ ሕክምና ታውቅ ስለነበር፣ ያየችው ነገር ምን ማለት እንደሆነ ገብቷታል።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ሄስቲንግስ በምትባለው የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ፣ የአጥንት ቀዶ ሐኪሙ ዴቫስና የአረጋውያን ሐኪሙ ኧርቫይን አንድ ላይ ሆነው እነዚህን ታማሚዎች ማከም ጀመሩ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ማድረግ፣ ቶሎ ማቆም፣ ልቡንም ኩላሊቱንም የሚያውቅ ሐኪም አጠገብ እንዲኖር ማድረግ።

ይህ ቀላል ሐሳብ የሀገር ሥርዓት ለመሆን ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ፈጀበት። ብሪታንያ በ2007 የዳሌ ስብራት ታማሚዎችን የሚከታተል ብሔራዊ መዝገብ ጀመረች። በ2010 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና ለሚያደርግና የአረጋውያን ሐኪም አብሮ ለሚያሳይ ሆስፒታል ተጨማሪ ክፍያ ተመደበ። እዚያ በ30 ቀን ውስጥ የሚሞቱት በ2007 ከመቶ 10.9 ነበሩ፤ በ2011 ወደ 8.5 ወረዱ። ዋናው ለውጥ የቢላው ስለት አይደለም። ሰዓቱና አብሮ መሥራቱ ነው።

ይህን የምጽፈው ለታሪክ ብቻ አይደለም። እኛ ጋ አንድ አዛውንት ሲወድቁ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠራው ወጌሻ ነው። የዳሌ ስብራት ግን በመታሸት አይድንም፤ ቀን ያስበላል፣ ቀኑ ደግሞ ነፍስ ያስከፍላል። በእርግጥ ቀዶ ሕክምና የማይሆንላቸው ሰዎች አሉ። ያንን የሚወስነው ግን የልብ፣ የሳንባ፣ የኩላሊት ሁኔታና የሰውየው አቅም እንጂ የልደት ቀን ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ተማሪዎቼ የነበራችሁ ሁሉ፣ በተለይ ዛሬ ነጭ ጋወን የለበሳችሁ፦ «ስንት ዓመታቸው ነው?» ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት፣ «ከመውደቃቸው በፊት እንዴት ይራመዱ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ቤተሰብም ብትሆኑ ይህንኑ ለሐኪሙ ንገሩት።